ዘንጉን የያዘው እጅ

«የአምናውን ፎቶ ላኪው» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከጫማው ሳያነሳ። «ወሩ ያው፣ ሣሩም ያው። ማን ያውቃል?»

ልጅቷ ቦርሳዋን እንኳ ገና ከትከሻዋ አላወረደችም። ለፈተና አምስት ቀን ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለችው አክስቷ ቤት ሰንብታ መመለሷ ነው። ስትሄድ የታጠረው መስክ ሣር ጉልበቷን ያልፍ ነበር። አሁን ከደጁ ሆና ስታየው መስኩ እንደተላጨ ራስ ሆኗል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

የዚህ መስክ ነገር ከተጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የግጦሽ መሬት ጥበቃ ቢሮ ከብት አርቢዎችን ሰብስቦ፣ «የመስካችሁን ግማሽ ለሦስት ዓመት አሳርፉት፤ አጥሩን እኛ እንሠራለን፣ በበጋ መኖ እንደጉማለን፣ ሁለት ዓመት ስትጨርሱ ደግሞ ቧንቧ ደጃችሁ ድረስ እንዘረጋለን» አለ። ከብት ከገባበት ግን ውሉ ፈረሰ ማለት ነው።

አባቷ ያኔ ስቆ ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ!»

«በምድር ያሉት ላሞችህስ ወተታቸው የታለ?» አለችና እናቷ ፈረመች። የፈረመችው ለቧንቧው ነው። ልጅቷ በየማለዳው ከሩቁ ጉድጓድ ውሃ ስትቀዳ እያረፈደች፣ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የምታውቀው ከሰው ደብተር ብቻ ነበር።

ቢሮው በምላሹ የሚፈልገው ፎቶ ነው። በየወሩ መጀመሪያ፣ ቢጫ ከተቀባው የብረት ችካል አጠገብ ቆሞ መስኩን ማንሳት፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለባለሙያው መላክ፤ ቀኑም ዛሬ ነው። ባለሙያውን የመንደሩ ሰው «ሣር ቆጣሪው» ይለዋል። ቁመቱ እንዲታወቅ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ሣሩ መሃል ይቆማል። እናቷ ትይዝ፣ እሷ ታነሳ ነበር።

«እማዬ፣ ቀጥ አድርጊው!»

«አንቺ ስልኩን ቀጥ አድርጊ። ዘንጉ ምን አጠፋ?»

እናቷ ፎቶ መነሳት ነፍሷ አይወድም ነበር። እጇን ብቻ ትዘረጋና ሌላ አካሏን ከፎቶው ታስቀራለች። ስለዚህ አሥራ ስምንቱም ፎቶ ላይ ያለው እጇ ነው፤ የአጥሩ በር ሰብሯት ጠማማ ሆና የቀረችው ትንሿ ጣቷም አብራ አለች። ከሞተች አራት ወር ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ዘንጉን መሬት ላይ ተክላ ብቻዋን ታነሳለች።

«የአምናው ላይ እጅ አለበት» አለች።

«ታዲያ እጁን ቁረጪው» አለ አባቷ። ያለው ነገር ለራሱ ጆሮ ሲደርስ አንገቱን ደፋ።

«ለምን ከፈትከው አባዬ?»

«እመቤት ወድቃ መነሳት አቃታት።» እመቤት፣ የልጅቷ እናት ከጥጃነቷ ጀምራ በጡጦ ያሳደገቻት ላም ናት። «መኖው አልቋል። ቁጭ ብዬ ሞቷን ልይ? እናትሽን ቁጭ ብዬ አየሁ፤ እሱ ይበቃኛል። ደግፌ እሷን ብቻ አስገባሁ። በሩን ለመዝጋት ዞር ስል ሌሎቹ ገብተዋል። ሲበሉ እያየሁ ማስወጣት… አልቻልኩም ልጄ። አምስት ቀን ሙሉ አልቻልኩም።»

«እመቤትስ?»

«እሷ ሳትበላ ሞተች። ሌሎቹ በሉ።»

ልጅቷ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ግን የሸሚዙን አንገትጌ ቆሻሻ ስታይ አንጀቷን በላው። ጓዳ ገብታ ለጓደኛዋ ጻፈችላት። ወሬ ስለማይደክማት ክፍሉ ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «አታካብጂ ባክሽ! ሣር ሣር ነው። ቆርጠሽ ላኪና ተገላገይ። ቧንቧው ይምጣና አንደኛ ፔሬድ ላይ አብረን እንፎግራለን።»

የአምናውን ፎቶ ከፈተች። ሣሩ ከሁለተኛው ቀይ ያልፋል። መቁረጫውን ስትነካ በፎቶው ዙሪያ ነጭ መስመር ወጣ። መስመሩን በጣቷ ገፋችው። የእናቷ ክንድ ጠፋ። ትንሽ ገፋችው፤ አንጓዋ ጠፋ። ጠማማዋ ጣት ጋ ሲደርስ የራሷ ጣት አልታዘዝ አላት።

በየማለዳው የሚጠብቃትን መንገድ አሰበች። ጀሪካኖቹን፣ ብርዱን፣ አርፍዳ ስትገባ የመምህሩን ዓይን አሰበች። ቧንቧውን በጣም ትፈልገው ነበር። እናቷም ፈልጋው ነበር፤ ግን ያቺ እጅ አንድም ቀን ያልነበረ ሣር ለክታ አታውቅም። ልጅቷ ትራሷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አራት ወር ሙሉ እንዲህ አላለቀሰችም።

ሰዓቱ አሥር ተኩል ሲል ፊቷን ታጥባ ወጣች። ዘንጉን ከግድግዳው አንስታ ለአባቷ ሰጠችው።

«ያዝልኝ።»

ዘንጉን አየ፣ እሷን አየ። «ቧንቧው እኮ ይቀራል።»

«አውቃለሁ።»

ተከትሏት ሄደ። ችካሉ አጠገብ ስትቆም እሱ መስኩ ውስጥ ገባና ዘንጉን አቆመ። ሣሩ የመጀመሪያውን ቀይ እንኳ አልነካም። አባቷ ሚስቱ ታደርግ እንደነበረው እጁን ብቻ ዘርግቶ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።

«አባዬ፣ ወደ ውስጥ ግባ።»

«ለሣር ፎቶ የኔ መልክ ምን ያደርጋል?»

«ለኔ ያደርጋል። ግባ።»

ገባ።

«ቀጥ አድርገው።»

«ዘንጉ ምን አጠፋ?» አለ።

አነሳችው። ከሥሩ «ከብቶቹ ገብተው በልተውታል። ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የያዘው አባቴ ነው» ብላ ጻፈችና ላከችው። ከዚያ ስልኩን ኪሷ ከትታ፣ ነገ ማለዳ የምትይዛቸውን ጀሪካኖች ልታጥብ ሄደች።