ሎጎ ላይ የቆመው ታብሌት

እንድሪስ ሥራ የሚጀምረው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ደሴ ውስጥ፣ ባንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ያለችውን ሱቁን ይከፍታል፣ መብራት መኖሩን ያያል፣ ከዚያ ለጥገና የተረከባቸውን ስልኮችና ታብሌቶች ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ በየጀርባቸው የለጠፈውን ነጭ ፕላስተር ያነባል። ፕላስተሩ ላይ የሚጻፈው የባለቤቱ ስምና የዕቃው ብልሽት ብቻ ነው። ሌላ ለመጻፍ ቦታም ትዕግሥትም የለም፤ በሰፈሩ ያሉት ጠጋኞች ሁሉ የሚሠሩት እንዲሁ ነው።

የዚያን ሰኞ አንዱ ፕላስተር «ዘይነባ፣ ሎጎ ላይ ቆሟል» ይላል። ሲያበሩት የአምራቹን ምልክት ያሳይና እዚያው ደርቆ የሚቀር ታብሌት ነው። እንዲህ ያለውን እንድሪስ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። የማብሪያውንና የድምፁን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ ሪከቨሪ የሚባለው የጥገና ገጽ ውስጥ ገባ፣ ያለውን ሁሉ አጠፋ፣ አዲስ ሲስተም ጫነበት፣ እጁን ታጥቦ ቁርሱን በላ። ሴትዮዋ ቅዳሜ ዕለት የነገረችው ትዝ ያለው የመጨረሻዋን ጉርሻ ሲውጥ ነው።

ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር የቆመችው። ልጇ ሷሊህ በዘጠኝ ዓመቱ በልብ ሕመም ሞቶባታል፤ ገና ወር አልሞላውም። የልጁ ቪዲዮዎች ያሉት እዚያ ታብሌት ውስጥ ብቻ ነው። አርብ ሰደቃው ስለሆነ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሊያዩትም ይፈልጋሉ። «ወንድሜ፣ ዕቃው ባይሠራም ግድ የለኝም፤ እሱን ብቻ እንዳታጠፋብኝ» ብላው ነበር። እሱም በሌላ ጆሮው ስልክ እያዳመጠ፣ አይጠፋም፣ አያስቡ ብሏታል።

እንድሪስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ይቀለው ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ስትደውልለት እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተና የወጣው ሌላ ሆነ፤ እየተሠራ ነው፣ ምንም አልጠፋም አላት። ረጅም ምርቃት መረቀችው። ስልኩን ሲዘጋ በራሱ አፈረ።

የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ነበረውና ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ለቀቀው። ውጭ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ደጁን ጉም ሲሞላው ምድር ቤቷ ሱቅ በቀትር ጨልማ፣ ከኮምፒውተሩ ብርሃንና ከግድግዳው ከሚንጠባጠበው ውኃ በቀር የሚታይም የሚሰማም የለም። ከብዙ ሰዓት በኋላ አንድ ፋይል ተገኘ። ምስሉ ጥቁር ነው፣ ድምፅ ግን አለው። እንድሪስ ጆሮውን አስጠጋ። ልጅ ነው የሚተነፍሰው፤ ከሩቅ ሮጦ እንደመጣ ልጅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። እንድሪስ ከደስታ ብዛት አለቀሰ።

ረቡዕ ታብሌቱ ተመልሶ ሎጎ ላይ ቆመ። እንደገና ሲስተም ከመጫን ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አዲስ ነገር በተጫነ ቁጥር የድሮው ይበልጥ እንደሚቀበር፣ ከዚያ ወዲያ የሚገኘው ያነሰ እንጂ የበዛ ሊሆን እንደማይችል አሳምሮ ያውቃል። ጭኖ ሲጨርስ ግን አራት ፋይሎች ተገኙ። ምስላቸው ሁሉ ጥቁር ነው። በመጀመሪያው ልጁ «እማዬ» ይላል። በአራተኛው «እማዬ፣ ጨለማ ነው» ይላል፣ ድምፁም ቀርቧል። እንድሪስ ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ አልጠየቀም። ያጠፋውን የሚመልስለት ካገኘ፣ ከየት መጣህ ብሎ የሚመረምርበት አንጀት አልነበረውም።

ሐሙስ ዕለት ሦስት ጊዜ ቆመ፣ ሦስት ጊዜ ጫነበት። ፋይሎቹ መጀመሪያ አሥራ አንድ፣ ቀጥሎ ሃያ ስድስት ሆኑ፤ በሦስተኛው መቁጠሩን ተወው። የታብሌቱን ጀርባ ፈልቅቆ ሲከፍተው እርጥብ አፈር ሸተተው፤ ዝናቡ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ድምፁ ሳይነካ ራሱ እየተነሳ ሲያስቸግረው ስፒከሩን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ልጁ ግን መናገሩን አላቆመም።

«ጋሼ እንድሪስ፣» አለ ልጁ። «ነገ ትመጣለች አይደል?»

እንድሪስ ሳያስበው አዎ አለ።

«ይዛኝ እንድትሄድ ንገራት።»

ጃኬቱን አውልቆ ታብሌቱ ላይ ጣለበትና በሩ ድረስ ሸሽቶ ቆመ። ሁሉንም አጥፍቶ ሊገላገል ይችል ነበር፣ እጁም ለዚያው ተነስቶ ነበር። ግን ካጠፋው ነገ ለዚያች እናት የሚሰጣት ምን አለው? ባዶ ታብሌትና የራሱን ውሸት ብቻ። ስለዚህ ተወው፤ ጃኬቱንም እዚያው ትቶ በዝናብ ወደ ቤቱ ሄደ።

አርብ ማለዳ ዘይነባ ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አስራ መጣች። ሰደቃ የሚያሰናዱትን ሴቶች ቤት ትታ ነው የመጣችው። እንድሪስ ስፒከሩን መልሶ ገጥሞ፣ ክዳኑን ዘግቶ ጠብቋት ነበር። ሊዋሽ አልቻለም።

«እትዬ ዘይነባ፣ አጥፍቼብዎት ነበር» አላት። «ሰኞ ዕለት ነው ያጠፋሁት። ምንም አልጠፋም ያልኩዎት ውሸቴን ነው።»

ፊቷ አመድ ሲለብስ አይቶ ቶሎ ብሎ ቀጠለ፤ ሌት ተቀን ለፍቶ እንደመለሰው፣ ምስሉ ባይመጣም ድምፁ እንዳለ፣ እየጠራት እንደሆነ ነገራት። ታብሌቱን ወደ እሷ አዙሮ ነካው።

«እማዬ፣» አለ ልጁ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ቤት ውሰጂኝ።»

እንድሪስ አቀርቅሮ ይቅርታዋን ጠበቀ። ስታለቅስ አልሰማትም። ቀና ሲል ዘይነባ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽታ ታብሌቱን ታያለች።

«እኔ የፈለግኩት እጆቹን ላያቸው ነበር፤ የሚያወራኝ በእጁ ነው» አለች፣ የሆነ ነገር እንዳይሰማት የፈራች ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልጄ ተወልዶ እስኪሞት ድረስ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም።»