መካከለኛዋ ሳጥን

«እህቴ፣ ሐኪሙ የልጅሽን ውጤት አይተውታል፤ የሚሉሽም...»

ከቤቷ ሆና በቪዲዮ ለሆስፒታሎች የምትሠራው አስተርጓሚ እዚህ ላይ እንደደረሰች ስክሪኑ ቀጥ አለ። የእናትየዋ ፊት፣ አፏ በትንሹ እንደተከፈተ፣ ላፕቶፑ ላይ ደርቆ ቀረ። ዋይፋዩ ሄዷል።

ላፕቶፑን ታቅፋ ወደ መስኮቱ ሮጠች። ወደ በሩ ሮጠች። ወንበር ላይ ወጣች። በስልኳ እንዳትደውል፣ በዚያ ግድግዳ ውስጥ የስልክ ኔትወርክ የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም። ግንኙነቱ ሲመለስ አሥራ አንድ ደቂቃ አልፎ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያቺ ሴት፣ ቋንቋውን በማትሰማው ሐኪም ፊት፣ ልጇ ይዳን አይዳን ሳታውቅ ተቀምጣለች።

መልሱ «ይድናል» ነበር። አንዲት ቃል!

አለቃዋ ወዲያው በላፕቶፑ ደወለች። «ከዚህ በላይ ልታገሥሽ አልችልም። አንድ ጊዜ ከተደገመ፣ ወይ እዚህ መጥተሽ ቢሮ ውስጥ ትሠሪያለሽ፣ ወይ እንለያያለን።» ቢሮው ያለው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ ሌላ ከተማ ነው።

አስተርጓሚዋ ደጅ ወጥታ ለኢንተርኔት ድርጅቱ ደወለች። «ያንን ሰውዬ ላኩልኝ» አለች ጥርሷን ነክሳ። ስልኩን ሳትዘጋም፣ ከሥራዋ ልትባረር መሆኑን ጠቅሳ፣ በሰውዬው ላይ ቅሬታ አስመዘገበች።

ሰውዬው ቴክኒሻን ነው። እሷ በልቧ ያወጣችለት ስም ግን «አቶ ይስተካከላል» ነበር። ከሁለት ወር በፊት ሜሽ ዋይፋይ የሚባለውን የተከለላት እሱ ነው፦ ሦስት ነጫጭ ሳጥኖች፤ አንዷ መስመሩ የሚገባበት ሳሎን፣ አንዷ ታች ኮሪደሩ ላይ፣ ሦስተኛዋ ፎቅ እሷ ክፍል። ኢንተርኔቱን እየተቀባበሉ እስከ ጠረጴዛዋ ድረስ ያደርሱላታል። አንዷ ከለገመች ግን ሁሉም ነገር ገደል ገባ ማለት ነው።

ቤቱን የገነባው አባቷ ነው፤ ጡረታ የወጣ ግንበኛ። ግድግዳው አንድ ክንድ ይወፍራል። ቴክኒሻኑ ያን ቀን ገመድ ሊያሳልፍ መብሻውን ሲያወጣ አባቷ ከፊቱ ተገተረ።

«በዚህ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ? እኔ በቁሜ?»

«አባባ፣ ገመድ ይሻል ነበር ብዬ ነው። ግድ የለም፣ ያለ ገመድም ይስተካከላል።»

ለጥቂት ጊዜ ተስተካከለ። ከዚያ መካከለኛዋ ሳጥን አሥር ሰዓት ላይ መጥፋት ጀመረች፤ ሆስፒታሎቹ በሚጣደፉበት፣ አስተርጓሚዋ ቀና በማትልበት ሰዓት። ሮጣ ስትወርድ ሳጥኗ መብራቷን አብርታ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ቁጭ ብላ ታገኛታለች።

አቶ ይስተካከላል መጣ። ስልኩ ላይ አይቶ «ኤሌክትሪክ እያጣች ነው» አለና ሶኬቱን ቀየረ። ጠፋች። ተመልሶ መጥቶ ሳጥኗን በአዲስ ለወጠ። ጠፋች። በሦስተኛው ደግሞ አንድም ዕቃ ሳይፈታ፣ ታች ከአባቷ ጋር ግማሽ ሰዓት ሲያወጋ ቆይቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ሥራው ይኸው ሆነ፤ ወሬ።

«የመጣኸው ለጨዋታ ነው?» ብላ ጮኸችበት አንድ ቀን።

«ይስተካከላል» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ከሁሉ በላይ ያበገናት ግን ሰውዬውን መጥላት አለመቻሏ ነው። አንድ ጊዜ ሥራ ላይ ሳለች ከበሩ ውጭ ገመድ በእጁ ይዞ ቆሞ ጠበቃት። ለአንድ ሽማግሌ ቀዶ ሕክምናው እንደተሳካ እየነገረችው ነበር። ስትጨርስ ዞር ብትል፣ ዓይኑ እሷ ላይ ነው።

«ይቅርታ፣ እንዳልረብሽዎት ብዬ ነው» አለ። ገመዱን እየጠቀለለ «ድምፅዎ ለእነሱ ሲሆን እንዴት ይለሰልሳል» አላት።

«ለአንተም እንዲለሰልስ ዋይፋዩን አስተካክል።»

ሳቀ። እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራት። በሚቀጥለው ቀጠሮ አዲሱን ሹራቧን ለብሳ ራሷን መስታወት ውስጥ ስታይ፣ ብሽቅ ብላ አውልቃ ወረወረችው።

ቅሬታውን ባስመዘገበች ማግሥት፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ቴክኒሻኑ መጣ። አሁንም ታች ወሬ ያዘ። አስተርጓሚዋ ደሟ ፈላ። ዛሬስ ልክ ላግባው ብላ ደረጃውን ግማሽ እንደወረደች ድምፁን ሰማች።

«አባባ፣ ዛሬ እንኳን ይተዉት። እለምንዎታለሁ።»

«ዝም በል። ቃል ሰጥተኸኛል።»

«ቃል የሰጠሁዎት ይተዉታል ብዬ ነው። በኔ ላይ ቅሬታ ገብቷል፤ ለሱ ግድ የለኝም። እሷ ግን ከሥራዋ ልትባረር ነው።»

አባቷ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ሶኬቱ ሥር ተንበርክኳል። የሳጥኗ ገመድ ተነቅሎ በእጁ ተንጠልጥሏል።

«አባዬ?»

ሁለቱም እንደ ድንጋይ ደረቁ። አስተርጓሚዋ ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሦስተኛው ቀን።»

«እና ይህን ሁሉ ጊዜ ስታጃጅለኝ ከረምክ!»

«አንቺ እንደምታስቢው አይደለም...»

አንቺ አላት። እስከዛሬ ከ«እርስዎ» ወርዶ የማያውቅ ሰው። በዚያ ሁሉ ንዴት መሃል እንኳ ልብ አለችው፤ ልብ በማለቷም ይብስ ተናደደች።

«ውጣ! ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳላይህ!»

መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ።

አባትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። አባቷ ደረጃው ላይ በቀስታ ተቀመጠ።

«እናትሽ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት» አለ። «"ብቻህን አልተውህም" ብለሽ መጣሽ። እሺ። ግን ከዚያች ክፍል አትወጪም። ጓደኛ የለሽ፣ ማታ የለሽ፣ እሑድ የለሽ። ያ ቢሮ "ነይ" ሲልሽ በኔ አመካኝተሽ እምቢ አልሽ። መስመሩ ካስቸገራት ትሄዳለች፣ ሰው ታያለች፣ ትኖራለች ብዬ ነው። ሂጂ ብልሽ አትሰሚኝማ።»

«ትላንት ስትነቅለው ምን ላይ እንደነበርኩ ታውቃለህ?»

ነገረችው። ስለ እናትየዋ፣ ስለ ደረቀው ፊት፣ ስለ አሥራ አንዱ ደቂቃ። አባቷ ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ማውራት እንደሆነ እንጂ ምን እንደምታወራ ጠይቋት አያውቅም ነበር።

«ልጁስ?» አለ።

«ይድናል።»

ሽማግሌው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

በማግሥቱ ጠዋት አስተርጓሚዋን የቀሰቀሳት የመዶሻ ድምፅ ነው። ስትወርድ አባቷ አቧራ ለብሶ፣ የገዛ ግድግዳውን በመሮ እየፈለፈለ ነው።

«ገመድ ይሻላል ብሎ አልነበር?» አለ ቀና ሳይል። «በይ ያንን ልጅ ጥሪው። እኔ ነኝ ያስዋሸሁት። በመጣ ቁጥር ቁጭ አድርጎ ሲለምነኝ ነበር የሚውለው።»

ደወለች። ቴክኒሻኑ ቅሬታው እስኪጣራ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መዛወሩን ነገሯት። በዚያው ሰዓት ቅሬታዋን አነሳች፤ ጥፋቱ የቤተሰቧ መሆኑን በጽሑፍ ላከች። ሌላ ቴክኒሻን መጥቶ ገመዱን በቀዳዳው አሳልፎ ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋይፋዩ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። አለቃዋ አመሰገነቻት። አስተርጓሚዋ ግን አሥር ሰዓት በደረሰ ቁጥር ስክሪኑን አፍጥጣ ታየዋለች። ምናለ ለአንድ ደቂቃ ቢበላሽ? ወሬ ለመጀመር የሚሆን ሰበብ እንኳ አሳጣት! ሰው እንዴት በሚሠራ ዋይፋይ ይናደዳል? እሷ ተናደደች።

በአራተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። ቴክኒሻኑ ነው። የሥራ ልብሱን አልለበሰም፤ የመሣሪያ ቦርሳም አልያዘም። ባዶ እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስላል።

«አልጠራንም እኮ» አለችው። በሩን ግን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አውቃለሁ። ወደ ሥራዬ መልሰውኛል። ቅሬታሽንም አስነበቡኝ። "ሥራውን ጨርሶ የማያውቅ፣ ወሬኛ" ይላል።»

ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ኮስተር አለች። «ልትነግረኝ ይገባ ነበር።»

«ይገባ ነበር። ብነግርሽ ከአባትሽ ጋር ትጣያለሽ፤ ባልነግርሽ ሥራሽ ይሄዳል፣ አንቺም ትሄጃለሽ። ሁለቱንም አልፈለግኩም። ዛሬ ነገ ስል ጥፋተኛ ሆንኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አሁንም ተናድጃለሁ።»

«ያስታውቃል።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ልጠይቅሽ።»

«ምን?»

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ሕመም፣ የሌላ ሰው ደስታ ከአፏ ይወጣል። ስለራሷ የጠየቃት ሰው ግን መቼ እንደነበር ጠፋባት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ደክሞኛል» አለች። «በጣም ደክሞኛል።»

እሱ በሩ ፊት ካለው ደረጃ ላይ ቁጭ አለና ቦታ ለቀቀላት። እሷም ጎኑ ተቀመጠች፤ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ስታወራ፣ እሱ አንዴም አላቋረጣትም።