ሬሳው ይተነፍሳል

ሦስት ጊዜ ተጨበጨበ፤ አንዳርጌ ግን አልተነሣም። ሬሳ ሆኖ ሲተውን የቆየው ሰው እውነትም መሞቱ የታወቀው ያኔ ነው።

ኢንስፔክተር ስማቸው አዳራሹ ሲደርስ የአርብ ገበያ ሕዝብ ገና አልተበተነም። መድረኩ ላይ ወጥቶ የሟቹን ኮት አወለቀ። ሸሚዙ ጀርባ ላይ የጫማ ሶል አቧራ ታትሟል። ሸሚዙን ሲገልጥ ደረቱን ዙሪያውን የከበበ ሰንበር አየ።

ሬሳውን በአቡጀዴ የሸፈነው የጨርቅ ነጋዴው መሕቡብ ነበር። በቲያትሩ ቀባሪ ሆኖ ይሠራል።

«አጥብቀህ ጠቅልለኸው ነበር?»

«እኔ? ጨርቅ ስለካ እንኳ አልስብም፤ ገበያው ይመስክር። ጣል ነው ያደረግሁበት። ባለፈው አርብ እርስዎም ከኋላ ሆነው አይተዋል።»

ስማቸው ጎንበስ ብሎ የመሕቡብን እግር አየ። «ጫማህስ?»

«መድረክ ላይ ሁላችንም ባዶ እግራችንን ነን። አዘጋጃችን ጋሽ ቀለመወርቅ፣ እግር መሬት ካልነካ ሐዘን አይወጣም ይላል።»

የሟች ሚስት ሆና የምታለቅሰው ብርነሽ ወገቧ ላይ መቀነት አልነበረም።

«መቀነትሽስ?»

«ጠፍቶብኝ ሳልታጠቅ ነው የወጣሁ።»

«ከአንዳርጌ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ደረቴ ላይ አትውደቂብኝ፣ ትከብጅኛለሽ ብሎኝ ነው።» አፏን በእጇ ያዘች። «ዛሬም ወደቅሁበት። ሲያቃስት ሰማሁ። ትወና መሰለኝ።»

አብሮ የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ።

«የማጠባው ልጅ አለኝ» አለች ብርነሽ።

«ቆይ» አለ ስማቸው። መሕቡብን፣ ብርነሽንና አዘጋጁን ቀለመወርቅን ሬሳው ዙሪያ አቆማቸው።

«ሰንበሩ የመቀነት ነው። መቀነቱም የብርነሽ ይሆናል። ያሰረው ግን ሌላ ነው። አህያ የሚጭን ሰው እግሩን ጭነቱ ላይ ተክሎ ገመዱን ይስባል። አንዳርጌም እንደዚያ ነው የታሰረ። አቧራው ሸሚዙ ላይ እንጂ ኮቱ ላይ የለም፤ ስለዚህ ኮቱን ሳይለብስ፣ ከመጋረጃ ኋላ ነው የታሰረው። መቀነቱ አሁን የለም። ጭብጨባው ሲያልቅ ሬሳው ዘንድ መጀመሪያ የደረሰ ማን ነው?»

«ጋሽ ቀለመወርቅ» አለ መሕቡብ። ዓይኑ ወደ አዘጋጁ እግር ወረደ። ከሦስቱ ጫማ ያደረገው እሱ ብቻ ነበር።

ቀለመወርቅ ከኪሱ የተቆረጠ መቀነት አወጣ።

«ልገድለው አልነበረም። እሱም ‹አጥብቀው ጋሼ› ብሎኛል። ባለፈው አርብ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አንዱ ‹ሬሳው ይተነፍሳል!› ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። አንዳርጌ አፍሮ ሁለት ቀን ከቤቱ አልወጣም። ትንፋሹ እንዳይታይ ነው ያሰርነው።»

«ሲያቃስት አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ሕዝቡ እያለቀሰ ነበር። ጥቂት ነው የቀረው፣ ይለቅ ብዬ ዝም አልሁ።»

«ካቴናው ሲወጣም ዝም አሉ።»

ቀለመወርቅ አንገቱን ደፋ።

«ብርነሽ፣ ሂጂ፤ ልጅሽን አጥቢ» አለ ስማቸው። ደብተሩን አውጥቶ የምስክሮችን ስም መጻፍ ጀመረ። ብዕሩ ቆመ።

«ያንን የጮኸውን ሰው ያውቁታል?»

«ጨለማ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም። ድምፁን ግን…» ቀለመወርቅ ቀና ብሎ አየው። አልጨረሰም።

ስማቸው ባርኔጣውን አውልቆ ከሬሳው አጠገብ አኖረ።

«እኔ ነኝ» አለ። ከምስክሮቹ ሁሉ በላይም የራሱን ስም ጻፈ።