ስም ያልገባበት መንዙማ

ይህ የሆነ ነገር ነው። የማይመስል ሆኖ ከታያችሁ ድክመቱ የአጻጻፌ ነው እንጂ የነገሩ አይደለም።

የነገሩኝ የአያቴ ታላቅ እህት እማማ ራቢዓ ናቸው። ሸዋ ሮቢት ቤታቸው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ዘግተው ነው የነገሩኝ። እኔ ምንም አልጨመርኩም፤ ያቆምኩትም እሳቸው ካቆሙበት ላይ ነው።

ከዚህ በታች ‹‹እኔ›› የሚሉት እሳቸው ናቸው።

...

ጣልያን አገራችንን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። ወሩ ጥቅምት፣ ቀኑ ሐሙስ። ከአሱር ሶላት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ።

ቀን መሆኑን ልብ በይልኝ ልጄ። ጨለማ አላታለለኝም።

ቤቱ የእትዬ ሐምዲያ ነው። ከሮቢ ወንዝ ከፍ ብሎ፣ ማሽላ መሀል የቆመ የጭቃ ቤት። ሐሙስ ሐሙስ አራት ሴቶች ጥጥና እንዝርታችንን ይዘን እዚያ እንሰበሰባለን። ላየን ሰው ፈታዮች ነን።

እውነቱ ግን... መንዙማ እንሠራ ነበር።

የድሮ ሰዎችን መንዙማ አይደለም። የራሳችንን። እያንዳንዷ በሳምንቱ የፈጠረችውን ግጥምና ዜማ ይዛ ትመጣለች። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቻችን እንሰማለን። ከዚያ እንከኑ ይነገራል። የተጣመመው ይቃናል። ሲስተካከል ሁላችንም እንቀበላታለን፤ ያኔ መንዙማ ሆነ ይባላል።

እኛ ያልተቀበልነው ዜማ ግን ከዚያ ቤት አይወጣም። ውኃ ሲቀዳ አይንጎራጎርም፣ ማሳ ሲታረም አይዜምም። የእትዬ ሐምዲያ ሕግ ነው። ለምን ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም።

ድቤ አንመታም ነበር። የጣልያን ጭፍራ ድቤ ከሰማ ሽፍታ ተሰበሰበ ብሎ ይመጣል። ጉልበታችንን በመዳፋችን መታ መታ እያደረግን፣ በሹክሹክታ ነበር የምናዜመው።

ጎረቤቴ ዓይሻ ማንንም አትምርም። ክርስቲያኗ አስካለ ደግሞ ጥጥ ልትፈትል ነው የምትመጣው፤ መንዙማውን አትቀበልም። ጆሮዋ ግን ከሁላችንም የሰላ ነው።

‹‹እኔ የናንተን ዱዓ አላውቅም›› ትላለች፣ ‹‹ዜማ ሲያነክስ ግን አውቃለሁ።››

ያን ሐሙስ ተራው የእኔ ነበር።

...

ባሌን ለመንገድ ሥራ ወስደውት ነበር። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። ጣልያን ወደ ተራራው የሚወጣ መንገድ ሲቆርጥ ጀውሃ ገበያ ላይ ወንድ ወንዱን እየለየ በካሚዮን ጫነ። ባሌ ጨው ሊገዛ ነበር የሄደው።

ክረምቱ አለፈ። አልመጣም።

ከዚያ አንድ ነጋዴ ወሬ ይዞ መጣ። ተራራው ላይ ናዳ ወርዶ ሠራተኛ ውጧል አለ። ስንቱን? አላወቀም። ማንን? አላወቀም። ጣልያን ሬሳ ለማውጣት ሥራ አያቆምም፣ በላዩ ላይ መንገዱን ቀጥሏል አለ።

ሹም ጋ ሄድኩ፣ አባረሩኝ። ዘመድ ጋ ሄድኩ፣ አብረውኝ አለቀሱ። የቀረኝ ዜማ ብቻ ነበር።

እንዝርቴን አስቀመጥኩና አወጣሁ...

ያ ረቢ ያንተ ነው፣ የሄደውን መልስ፤
ደጄን አልዘጋውም እሱ እስኪደርስ።



‹‹ጥሩ ዜማ ነው›› አለች አስካለ። ‹‹ሆድ ያባባል።››

‹‹ለሷ ሲሆን ጥሩ ነው!›› አለች ዓይሻ። ‹‹የኔን ባለፈው ሐሙስ የጠማው ግመል ነው ብላችሁ አስለቀሳችሁኝ።››

‹‹ያንቺ ግመል እኮ ውኃ ብናጠጣውም አልነሳም አለ›› አለቻት አስካለ።

ሳቅን። እኔም ትንሽ ሳቅሁ።

እትዬ ሐምዲያ ግን አልሳቁም።

‹‹ራቢዓ ልጄ... የሄደውን መልስ ትያለሽ። የሄደው ማነው?››

‹‹ያውቁት የለ፣ እትዬ።››

‹‹እኔማ አውቀዋለሁ። ግጥምሽ ግን አያውቀውም። ስም የለበትም።››

ፊቴ ጋለ። በእኛ ጊዜ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ነውር ነው። ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆነን እንኳ ‹‹አንተዬ›› ነበር የምለው። ታዲያ ስሙን ዜማ ውስጥ ከትቼ ሴት ሁሉ ይቀበለው?

‹‹አፍራለሁ›› አልኩ።

‹‹ስንቱ ነው የሄደው በዚህ ዘመን?›› አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ‹‹ለማን ነው ደጅሽን ክፍት የተውሽው? ስሙን አግቢበትና በሚመጣው ሐሙስ እንቀበልሻለን።››

በሚመጣው ሐሙስ...

እኔ ያን ያህል መጠበቅ አልቻልኩም።

...

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ። ወንዙ ዳር ሰው የለም። እንስራዬን አስቀመጥኩና ዜማውን እንዳለ፣ ያለ ስም፣ ድምፄን ለቅቄ አዜምኩት።

ጨርሼ ዝም ስል...

ከማዶ ተቀበሉኝ።

የወንዶች ድምፅ ነው። ብዙ ወንዶች። ከማዶው የግራር ጫካ ውስጥ። ከአራት ሴቶች በቀር ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ፣ ቃል በቃል።

መሸሽ ነበረብኝ። እውነቱን ልንገርሽ ልጄ... ደስ አለኝ። ይህን ያህል ሰው የተቀበለው ዱዓ እንዴት አይደርስም ብዬ።

እንደገና አወጣሁ። እንደገና ተቀበሉ። አሁን ቀረብ ብለው።

ግራሩ ሥር ከብቶች ውኃ ይጠጡ ነበር። ሁሉም ቀና አሉ። ድምፁ የሚመጣው ከኋላቸው ነው። እነሱ ግን የሚያዩት... እኔን ነበር።

በየቀኑ ወረድኩ። በየቀኑ ቀረቡ።

አንድ ቀን እንስራዬን ሳወርድ ውኃው ላይ ነጭ ነገር ሰፍፎ አገኘሁ። ዱቄት ይመስላል። በጣቴ ቀመስኩት።

ድንጋይ ድንጋይ ይላል።

ውኃውን ደፋሁት። ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱም ወረድኩ።

...

ሐሙስ ደረሰ። ከአሱር ሶላት በኋላ እትዬ ሐምዲያ ቤት ተቀመጥን። ዓይሻ ስለ አማቷ እያወራች ሳቅ በሳቅ ታደርገናለች።

እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም።

ከውጭ ጀመሩ...

ያ ረቢ ያንተ ነው፣ የሄደውን መልስ...

የዓይሻ እንዝርት ከእጇ ወደቀ።

‹‹ማነው?›› አለች በሹክሹክታ።

አስካለ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። የሰው ዜማ ስትመዝን እንደምታደርገው። ከንፈሯ ነጭ ሆነ።

‹‹ትንፋሽ አይወስዱም›› አለች።

‹‹ምን?››

‹‹‘ያንተ ነው’ ካሉ በኋላ ትንፋሽ ካልሳቡ ወደ ላይ መውጣት አይቻልም። እኔ ሞክሬዋለሁ። እነሱ አልሳቡም... የትም አልሳቡም።››

ዓይሻ በደረቷ ተሳበችና በግድግዳው ስንጥቅ አየች።

‹‹ሰው አለ?›› አሉ እትዬ ሐምዲያ።

‹‹ሰው አላይም።››

‹‹እና ምን አለ?››

‹‹ንፋስ አለ። የተሰጣው ነጠላ ገመዱ ላይ ይወዛወዛል። ማሽላው ግን...››

‹‹ማሽላው ምን ሆነ?››

‹‹አይነቃነቅም እትዬ። አንድም ራስ አይነቃነቅም። የሆነ ነገር ይዞታል።››

እትዬ ሐምዲያ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

‹‹የት አወጣሽው?››

‹‹ወንዝ ዳር።››

‹‹በስሙ?››

‹‹ያለ ስም›› አልኩ።

‹‹አዑዙ ቢላህ... ልጄ። የሄደውን ሁሉ ነው የጠራሽው።››

ውጭ ዜማውን ደገሙት። አሁን ከግድግዳው አጠገብ ነው። ጭቃው ሲንቀጠቀጥ በጀርባዬ ይሰማኛል።

እና ያኔ ሰማሁት።

የመጨረሻውን ቃል ሁሉም አንድ ላይ ሲዘጉት፣ አንድ ድምፅ ወደኋላ ቀረ። ትንሽ ዘግይቶ ዘጋ። በሠርጋችን ላይ ሳይቀር የሳቁበት ነገር ነው፤ ባሌ ሲቀበል ሁልጊዜ ይዘገያል።

‹‹እሱ ነው!›› ብዬ ወደ በሩ ዘለልኩ።

እትዬ ሐምዲያ ክንዴን ያዙኝ። በዕድሜያቸው ያን ያህል ጉልበት ያላቸው አይመስለኝም ነበር።

‹‹ከፍተሽ ማንን ልታስገቢ ነው? ስሙን አግቢበት። አሁን። የቀሩት ወደየደጃቸው ይሂዱ።››

‹‹እንዴት አድርጌ? አይገባም እኮ...››

‹‹‘የሄደውን’ን አውጪና እሱን ተኪበት።››

ሞከርኩት። በሹክሹክታ። ጥርሴ እየተጋጨ። *ጀይላንን መልስ...*

‹‹አጠረ›› አለች አስካለ። እንባዋ ይወርዳል፣ ጆሮዋ ግን ይሠራል። ‹‹አንድ ቦታ ባዶ ቀረ። ባዶ አትተዪ፣ እባክሽ ባዶ አትተዪ።››

‹‹‘ላ’ ላይ ጎትቺው›› አለች ዓይሻ።

‹‹‘ላ’ ላይ አይደለም፣ ያለቅሳል›› አለች አስካለ። ‹‹‘ጀይ’ ላይ። እዚያ ቁሚና ውረጂ።››

በሩ ተገፋ። አልተንኳኳም... ብዙ ሰው ሲደገፍበት እንደሚሆነው ወደ ውስጥ ጎበጠ።

‹‹አውጪው!›› አሉ እትዬ ሐምዲያ።

አወጣሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የባሌን ስም በሰው ፊት፣ በሙሉ ድምፄ ጠራሁ። እትዬ ሐምዲያና ዓይሻ ተቀበሉኝ። አስካለም ተቀበለችኝ። ኋላ ንስሐ እገባበታለሁ አለች።

ውጭ ያለው ድምፅ ሳሳ።

ደገምን። አንዱ ተወ። ሌላው ተወ። በቀኝ በኩል የነበሩት ሁሉ ተዉ። በሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሰለስን። አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ። ከእኛ በኋላ፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ ዘጋው።

ጸጥ አለ።

‹‹ራቢዓ...›› አለኝ ከደጅ።

...

ማንም አልከለከለኝም። ከፈትኩ።

ጀይላን ደጁ ላይ ቆሟል። ፀሐይ ፊቱ ላይ ነው። ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ አቧራ ለብሷል። ሽፋሽፍቱ ላይ ሳይቀር አቧራ አለ።

እጁን ዘረጋልኝ። ያዝኩት።

ትኩስ ነበር ልጄ። ወላሂ ትኩስ ነበር። የእሱ እጅ ነበር።

‹‹ግባ›› አልኩት እያለቀስኩ። ‹‹ግባ፣ ጀይላን።››

ሳብኩት። አልመጣም።

ያኔ ሌላኛውን እጁን አየሁ። ወደ ኋላ ተዘርግቷል። ከኋላው ያለው ሰው ይዞታል። ያ ሰው ደግሞ ከኋላው ያለውን ይዟል። ያኛውም የኋላውን...

አፋቸው ተዘግቷል። ማናቸውም አያዩኝም። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያሉ።

ሰልፉ ማሽላውን ሰንጥቆ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ወንዙን ይሻገራል። በግራሩ መሀል አልፎ ሜዳውን ያቋርጣል። ከዚያ ተራራው ላይ፣ አዲሱ መንገድ በተቆረጠበት በኩል፣ እንደ ነጭ ክር ቀጥኖ ይታያል።

መጨረሻው አይታይም።

‹‹ልቀቀው›› አልኩት በሹክሹክታ። ‹‹የያዝከውን ልቀቀው።››

ግራ የገባው መሰለ።

‹‹እንዴት?›› አለኝ። ‹‹ተያይዘን እኮ ነው የወጣነው።››

እትዬ ሐምዲያ ከኋላዬ መጥተው ወገቤን ያዙ። ዓይሻ እሳቸውን ያዘች። አስካለ ዓይሻን ያዘች።

አራታችንም አንድ ላይ ሳብን።

ጀይላን አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ። ከኋላው ያለው መጣ። ማሽላው ተንኮሻኮሸ፣ ወንዙ ተንቦጫረቀ፣ ሜዳው ላይ አቧራ ተነሳ። እስከ ተራራው ድረስ ሰልፉ በሙሉ አንድ እርምጃ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ ቆመ።

እጁን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩ። ዓይኑን አየሁት። መጀመሪያ ያወቀው እሱ ነው። ፊቱ ተለወጠ።

‹‹ራቢዓ›› አለኝ ቀስ ብሎ። ‹‹አሁን አንቺ ልቀቂ።››

አለቀቅሁም።

ተራራው ላይ፣ ነጩ ክር ከዓይን በሚጠፋበት ቦታ... ሰልፉን ወደ ኋላ የሚስብ ነገር ነበር።

ቀስ ብሎ። ሳይቸኩል።

ተረከዜ መሬቱን እየጫረ፣ የበሩን ደፍ ተሻገረ።