ሁለት ጊዜ «ቆይ»

«ላፕቶፑ አሁንም ስልኩን አላየውም!» አለች ሚጡ። ኬብሉን ነቅላ እንደገና ሰካችው። የአያቷ ስልክ ባትሪው እየሞላ ነው፤ ላፕቶፑ ግን ምንም እንዳልተሰካበት ሁሉ ባዶ መስኮት ደቅኖ ዝም ብሏል።

ከጎኗ የተቀመጠው የክፍል ጓደኛዋ «ዝምታ» ይባላል። አፉ ስለማያርፍ ክፍሉ በሙሉ ተስማምቶ ያወጣለት ስም ነው። «ይሄ ኬብል እኮ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ መረጃ አያሳልፍም። አላልኩሽም? አልኩሽ። መቼ ሰው ትሰሚያለሽ!» ብሎ ከቦርሳው ሌላ ኬብል አወጣ።

አያቷ አባባ ከሶፋው ጥግ ሆነው በመነጽራቸው አናት ያዩዋቸዋል። «ስልኬን እንዳትገድሉብኝ ብቻ» አሉ።

«አይሞትም አባባ። የአፑን ውስጥ ልናይ ነው» አለች ሚጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሚጡ ለአያቷ የደም ግፊት መድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ አፕ ሠራች። ሰዓቱ ሲደርስ ይጮኻል፤ ስክሪኑ ላይ «ወስጃለሁ» እና «ቆይ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይመጣሉ። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበላት። ባለፈው ሳምንት ግን አፑ ሦስት ቀን ሙሉ ድምፁን አጠፋ። አባባም ክኒናቸውን ሳይወስዱ ቀሩና አዞራቸው፤ ግድግዳ ይዘው ነው የተረፉት። «እኔ አልዘጋሁትም» አሉ። ሚጡ ግን ራሷ ሃያ ጊዜ ሞክራዋለች። «የኔ አፕ ምንም የለበትም፤ አባባ ሳያውቁት ዘግተውት ነው» አለች።

በቃ! እናቷ ይህን ሰምታ መድኃኒቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ክኒኗን በመዳፏ ይዛ እስኪውጡ ድረስ ፊታቸው ትቆማለች። አባባ እንደ ሕፃን እጃቸውን ይዘረጋሉ። አይቆጡም፤ ነገር ግን ምግብ ላይ መጫወት ትተዋል። የሚጡን አንጀት የበላው ይሄ ነው።

ትናንት ዝምታ ስለ አንድ ፕሮግራም ነገራት፤ ሳንካ መፈለጊያ ይሉታል። ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ስልኩ ሲሰካ አፑ ውስጥ ለውስጥ የሚሠራውን ሁሉ መስመር በመስመር ይጽፋል። አፑ ከወደቀ፣ ማለትም በድንገት ሥራውን ካቋረጠ፣ የት ላይ እንደወደቀ በቀይ ያሳያል። ጠዋቱን ሙሉ ሲያወርዱትና ሲጭኑት ነው ያረፈዱት።

«አባባ፣ አሁን ስልኩ ራሱ መፍቀድ አለበት። እዚህ የስልኩ የስሪት ቁጥር ላይ ሰባት ጊዜ ይንኩ» አለች ሚጡ።

«ሰባት ጊዜ? የማን ቤት ነው ይሄን ያህል የሚንኳኳው?» አሉ፤ ግን እየቆጠሩ ነኩ። ስልኩ ይህን ኮምፒውተር ይፈቅዱ እንደሆነ ሲጠይቃቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሠላሳ ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ሳያነቡ የሚፈቅዱት ነገር የለም። ዝምታ ትዕግሥት አጥቶ ይቁነጠነጣል።

«ፈቅጃለሁ» አሉ በመጨረሻ።

ላፕቶፑ ላይ ጽሑፉ እንደ ጉድ ይወርድ ጀመር። «እሰይ!» ብላ ሚጡ አጨበጨበች። ሰዓቱን ለሙከራ አስጮኸችው፤ «ወስጃለሁ» ብላ ነካች። ምንም ችግር የለም። ደገመች። አሁንም ሰላም ነው። አሥር ጊዜ ሞከረች፤ አንድ ቀይ መስመር አልታየም።

«እንግዲህ እሳቸው ናቸው» አለ ዝምታ በሹክሹክታ።

ሚጡ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ደስ አላላትም። ስልኩን ለአያቷ ሰጠቻቸው። «አባባ፣ ሲጮኽ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ያድርጉ። ክኒን የለም፤ ለሙከራ ነው።»

ሰዓቱ ጮኸ። አባባ «ቆይ» የሚለውን ነክተው ተነሡና ከጠረጴዛው ላይ ውሃ ይቀዱ ጀመር፤ ጠብታ እንዳይፈስ ቀስ እያሉ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንደገና ጮኸ። ብርጭቆውን እንደያዙ በሌላ እጃቸው አሁንም «ቆይ» አሉት።

ላፕቶፑ ላይ ቀይ መስመር ወረደ። አፑ እልም አለ።

«ለምን ‹ወስጃለሁ› አላሉም?» አለች ሚጡ።

«አልወሰድኩማ! ዕቃ ሳልረከብ ፈርሜ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ ልጀምር?»

ሚጡ ፊቷ ጋለ። ሃያ ጊዜ ስትሞክር ክኒን በአፏ ሳይዞር ሃያውንም ጊዜ «ወስጃለሁ» ነው ያለችው። ቀዩን መስመር አነበበችው። ሁለተኛው «ቆይ» የመጀመሪያውን ቀጠሮ ይሰርዛል፤ አፑ ራሱ የሰረዘውን ቀጠሮ ይፈልግና ሲያጣው ይወድቃል፤ የቀሩትም ሰዓቶች አብረው ይጠፋሉ። ስሕተቱን ጽፋ ያስገባችው እሷው ናት።

ዝምታ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። «አንድ መስመር እኮ ነው! አሁኑኑ ታስተካክያለሽ፣ አዲሱን ትጭኛለሽ፣ ለእናትሽ ‹አሻሻልኩት› ትያታለሽ። ሰኞ አፑን ክፍል ውስጥ ስታቀርቢ ስሕተት እንደነበረበት ማን ያውቃል?»

ሚጡ አሰበችው። «አሻሻልኩት» ብትል ውሸት አይደለም። አባባ ግን አፑን ዘግተው የካዱ ሰው እንደሆኑ ይቀራሉ። እሳቸው ውሃቸውን ጠጥተው ወደ ሶፋቸው ተመልሰዋል፤ ምን እንደተገኘ እንኳ አልጠየቁም።

«ተው፣ አትንካው» አለችው።

«እንዴ! ለምን?»

«መጀመሪያ እማዬ ትየው። እንዳለ።»

«አብደሻል!» አለ ዝምታ፤ እጁን ግን አነሣ።

ሚጡ ላፕቶፑን ከነስልኩ አቀፈችው። «አባባ፣ ይነሡ፤ አብረን እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ይምጡ ብቻ።»

እናቷ በሚቀጥለው ክፍል ልብስ ትተኩሳለች። ሚጡ ላፕቶፑን የተተኮሱት ሸሚዞች አጠገብ አስቀመጠችው። አባባ በሩ ላይ ቆሙ።

«እማዬ፣ አባባ ምንም አልዘጉም።»

እናቷ ካውያውን አቁማ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። አባባን አየት አድርጋ እንደገና ወደ ጽሑፉ ተመለሰች። «ይሄ ቀዩ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እሱ እኔ ነኝ» አለች ሚጡ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት።