ባለ ነጭ ጃኬቱ ሰው

«ወደ ኋላ… ትንሽ ወደ ኋላ። በቃ፣ እዚያው ቁሚ!» አለ ካሜራ ገጣሚው ከበሩ ውጭ ሆኖ።

ሚጢጢ የጨርቅ ጥቅሎቹን ተደግፋ ቆመች። ቤተሰቡ በሙሉ ሚጢጢ ይላታል፤ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት እንኳ ስሙ አልለቃትም። የእናቷ የልብስ ስፌት ቤት መጋዘን መስኮት የለውም፤ መብራቱ ሲጠፋ ዓይን ቢጨፍኑት ቢገልጡት ያው ነው። ገጣሚው ሁለት ካሜራ አምጥቷል። የእሷ ሥራ ጨለማው ውስጥ ቆማ በስልኳ እያየች የተሻለውን መምረጥ ነው።

የድሮው ካሜራ ጉድ ሠርቷቸዋላ! ከትናንት በስቲያ ማታ ሦስት ጥቅል የዩኒፎርም ጨርቅ የውሃ ሽታ ሲሆን፣ እሱ የቀረጸው ነጭ ጃኬት የለበሰ አንድ ሰው ብቻ ነው። ፊቱ በኮፍያ ተሸፍኗል፤ ግራ ክርኑ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ምልክት አለ።

በግቢው ነጭ ጃኬት ያለው ደግሞ ጥበቃው ብቻ ነው። ያውም እናቷ ራሷ የሰፋችለት። «ጨርቅ አይቼ ተሳስቼ አላውቅም» አለች እናት፤ ሃያ ዓመት መቀስ የያዘችን ሴት ማን ይከራከራታል? ምልክቱንም «የዘይት እድፍ ነው፣ አጥቦት ይሆናል» ብላ ዘጋችው። ሰውዬው «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልነካሁም!» ብሎ ቢምል ቢገዘት ሰሚ አላገኘም። ዛሬ ቁልፍ አስረክቦ ይሄዳል፤ ነገ ፖሊስ ጣቢያ ይጠበቃል።

«የመጀመሪያው በርቷል፣ ስልክሽን እይ» አለ ገጣሚው።

አየች።

ስልኳ ላይ ነጭ ጃኬት የለበሰች ልጅ ቆማለች። እሷ የለበሰችው ግን ጥቁር ነው፤ መጋዘኑ ይበርዳል ብላ ጠዋት ከቤት ያነሳችው የታላቅ ወንድሟ ጃኬት።

«እንዴ! ጃኬቱ ነጭ ሆነ እኮ!»

ገጣሚው ሳቀ። «ኢንፍራሬድ ነዋ! ለዓይን በማይታይ ብርሃን ነው የሚያየው፣ ቀለም የሚባል ነገር አያውቅም። አንዳንዱ ጥቁር ጨርቅ ነጭ ሆኖ ቁጭ ይላል። የድሮውም ካሜራችሁ እንደዚሁ ነው። ሁለተኛው ግን የራሱ መብራት ስላለው ማታም በቀለም ያሳያል። ቆይ መሰላል ላምጣ።»

ኮቴው ራቀ። ሚጢጢ ግራ ክርኗን ቀስ ብላ ወደ ካሜራው አዞረች። መዳፍ የሚያህል ጥቁር ምልክት።

እናቷ አምና የጣፈችው ነው፤ ጃኬቱ ሲቀደድ በሌላ ዓይነት ጥቁር ጨርቅ። በቀን ጥቁር በጥቁር ስለሆነ ማንም አይለየውም። ያን ማታ ወንድሟ «ጓደኛዬ ጋ እያጠናሁ ነው» ብሎ ነበር።

በዚህ መሃል ስልኳ ላይ ሌላ ሰው ታየ። ፊቱ ነጭ፣ ዓይኖቹ የሚያበሩ፣ ከበሩ በኩል ወደ እሷ የሚመጣ።

«ጃኬቴን አውልቂ» አለ ወንድሟ በሹክሹክታ። ስልኩን ከትከሻዋ በላይ አይቶታል።

«አንተ ነህ?»

አንጓዋን ያዛት።

«አንተ ነህ ወይ?»

«ልመልሰው ነበር… ጓደኛዬ ጨርቁን ሸጦ ስልክ ሊገዛልኝ ነበር፣ ከዚያ ይዞት ጠፋብኝ። ሚጢጢዬ፣ እማዬ ብታውቅ ከቤት ታባርረኛለች። የእውነቴን ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እሺ?»

«ጥበቃው ጋሼስ?»

«እሱ ሌላ ሥራ ያገኛል።»

ሚጢጢ ወንድሟን ፈራችው፤ ደግሞም ፈራችለት። እናቷ ይህን ስታይ ምን እንደምትሆን ማሰቡ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር።

ከውጭ የእናቷ ድምፅ ተሰማ። «ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት።»

«እሺ፣ የኔ እመቤት» አለ ጥበቃው። «ፈጣሪ ያውቃል።»

ገጣሚው ተመልሶ መሰላሉን በሩ ላይ አቆመ። «እሺ፣ የቱን ልግጠም?»

«ባለ ቀለሙን» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ወንድሟ አንጓዋን ለቆ እጁን ለጃኬቱ ዘረጋ። እሷ ግን ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋችውና ወጣች።

«እማዬ፣ ቁልፉን አትቀበይ። አንዴ ወደ መጋዘኑ ነይ። ጋሼ፣ እርስዎም ይምጡ።»

«ምን ሆነሽ ነው?» እናቷ ደንግጣ ተነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስም እጇን ወደ ማብሪያው ሰደደች።

«አታብሪው» አለች ሚጢጢ። ስልኩን እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና ወንድሟ ወዳለበት ጨለማ ተመልሳ ገብታ ግራ ክርኗን ወደ ካሜራው አዞረች።