እህቷ ያላነበበችላት ገጽ

በሩን ሳትከፍተው ሳሉን ለየችው። የአባቷ ሳል ነው። ከትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህርት ጋር ውስጥ ተቀምጧል። «አለቀልኝ» አለች በሆዷ።

ክፍል ውስጥ «ቴፕ» ነው የሚሏት፤ አንዴ የሰማችውን ቃል በቃል ትደግመዋለች። ለምን እንዲህ እንደሠለጠነች ግን ከታላቅ እህቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ገጹን ስታይ ፊደላቱ ይተራመሱባታል። ስለዚህ እህቷ ማታ ታነብላታለች፣ እሷ ትሸመድደዋለች፣ በነጋታው መጽሐፉን ዘርግታ ታንበለብለዋለች። ባለፈው ሳምንት ግን እያንበለበለች ገጽ መግለጥ ረሳች። ልጆቹ ልብ አላሉም። ያቺ የልዩ ፍላጎት መምህር ግን ከኋላ ተቀምጣ ታይ ነበር።

«ግቢ እንጂ፣ ምነው ቆምሽ?» አለች መምህርቷ በሩን ከፍታ።

ገባች። አባቷ አናጢ ነው፤ ከሥራ እንደወጣ ስለመጣ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ ቀርቷል። ላገኘው ሁሉ «የኔ ልጅ መጽሐፍ ትበላለች» እያለ የሚጎርር ሰው ነው። ዛሬ ጉዷን ይሰማል። ከዚያ ከክፍሏ አውጥተው ከሕፃናት ጋር ያስቀምጧታል።

«የጠራሁዎት ለእሷ ብቻ የሚሆን የትምህርት ዕቅድ እንድናወጣ ነው» አለች መምህርቷ። «መጀመሪያ ግን በምን ጎበዝ እንደሆነች ይንገሩኝ።»

አባቷ ግራ ገባው። «ጎበዝ... እንጃ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወርክሾፕ ትመጣለች። የአንድ ቁምሳጥን ልክ በሙሉ አንዴ እነግራታለሁ፤ እየቆረጥኩ ስጠይቃት አንዲት ሴንቲ አትስትም። ከእሷ ሜትሬ ቢጠፋብኝ ይሻለኛል!» ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «ምነው፣ አጠፋች እንዴ?»

«ኧረ ምንም አላጠፋች። ዕቅዱን የምንሠራው እንዲያውም ይሄንኑ የሰማውን የማይረሳ ጆሮዋን ተመርኩዘን ነው። ፈተና የሚነበብላቸው፣ በጽሑፍ ፈንታ በቃል የሚመልሱ ልጆች አሉን፤ ከክፍላቸውም አይወጡም። ማንበቡን ደግሞ ለብቻ ቀስ ብለን እንሠራለን። ግን ከየት እንደምንጀምር በትክክል ማወቅ አለብኝ።» ከክፍል ያስመጣችውን የልጅቷን መጽሐፍ ወደ እሷ ገፋ አደረገችው። «የፈለግሽውን ገጽ አንብቢልኝ።»

መጽሐፉ በራሱ ተከፈተ። የትናንት ማታው ገጽ ነው። ከላይ እስከ ታች ታውቀዋለች፤ ዓይኗን ጨፍናም ትወጣዋለች። አባቷ ገና ካሁኑ ፈገግ ብሎ ሊያዳምጥ ተመቻችቷል። አንድ ጊዜ ብታንበለብለው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ማንም ምንም አይጠይቃትም። ቀጣዩ ፈተና ሲመጣ ግን ወረቀቱ ፊት እንደገና ብቻዋን ናት።

ገጹን ገለጠችው። አንድ፣ ከዚያ ሌላ።

«አባዬ፣ ይሄን እህቴ አላነበበችልኝም» አለች።

የአባቷ ፈገግታ ሲጠፋ አየች። ከዚያ ወዲያ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማች፤ ወደ እሷ ተጠጋ።

ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈችና ብዙ ቆየች።

«ወ...» አለች።